የድንጉላው ቃጭል

ሥራዬ ድንጉላ ማቅረብ ነበር። ይህን አጭር ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ለመጻፍ ጡረታ መውጣት ነበረብኝ። በኖርዌይኛ ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ፣ በስዋሂሊም እንዲሁ፤ በአማርኛ ግን አፌ ላይ ትደርስና ትመለሳለች። ኦስሎ ባለው ወገናችን ዘንድ እኔ አትክልተኛ ነበርኩ። ይህን ሹመት የሰጠችኝ ባለቤቴ ዘነበች ናት። ሰው «ባለቤትሽ ምን ይሠራል?» ሲላት ትንሽ ታስብና «ከግሮሩድ ሰፈር በላይ፣ ጫካው ዳር፣ አንድ ትልቅ ግቢ ውስጥ አትክልት ይንከባከባል» ትላለች። ከዚህም የተነሣ በየዓመቱ በጽጌ ሰሞን «ከምትሠራበት አበባ አምጣልን» እየተባልኩ ከሱቅ እየገዛሁ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተሸክሜያለሁ።

ነገሩ ላልገባው ላስረዳ። ንጹሕ ዘር የሚባለው የእሽቅድምድም ፈረስ እንደ ሌላው ከብት በመርፌ አይዳቀልም፤ ሕጉ አይፈቅድም። ድንጉላውና ባዝራዋ በአካል መገናኘት አለባቸው። ባዝራ ያለው ገበሬ በመኪና ጭኖ ያመጣታል፤ ድንጉላ ያለው ግቢ ድንጉላውን ያቀርባል፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ ገመድ ይዞ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ድንጉላ በዚያች ሰዓት ስለ ገመድ ያዡ አያስብም። በዚህ ሙያ ካረጁት ብዙዎቹ ወይ ጣት ወይ ጥርስ ጎድሏቸዋል፤ እኔ ግን እንደገባሁ ሙሉ ሆኜ ወጥቻለሁ። ይህን ስል ብኮራ አይፈረድብኝም።

ሥራውን የተማርኩት ኬንያ ነው። በደርግ ጊዜ በሞያሌ በኩል ወጥቼ ናይሮቢ ስንከራተት፣ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አዘነልኝና ናኩሩ አካባቢ ካሉት ሰፋፊ እርሻዎች ወደ አንዱ ወሰደኝ። አገሩ በቅኝ ግዛት ዘመን ነጮች ተከፋፍለው የያዙት ነበር። መሬቱን ከወሰዱ በኋላ ከአገራቸው በመርከብ ድንጉላ አስመጥተው ለአውራጃው ገበሬ በዋጋ ያቀርቡ ነበር፤ ገበሬ ማለት ያን ጊዜ ነጭ ማለት ነው። እኔ ስደርስ ባለቤቶቹ ተለዋውጠዋል። ጋጣው፣ የድንጋይ አጥሩና ምዜ ካማው ግን እዚያው ነበሩ። ምዜ በእነሱ ቋንቋ ሽማግሌ ማለት ነው፤ እኛ «አባባ» እንደምንለው።

ምዜ ካማው በጉርምስናው ድንጉላ እየመራ ከእርሻ ወደ እርሻ በእግሩ የሚያዞር ሠራተኛ ነበር። ነጩ ጌታው «ይሄ ሰው መንገድ ላይ ጥላ እየፈለገ ይተኛል» ብሎ ስለጠረጠረ ከድንጉላው ልጓም ላይ ቃጭል አሰረበት። ቃጭሉ ዝም ካለ ካማው ቆሟል ማለት ነው። ጌታው ቃጭል ከኮረብታ ወዲያ እንደማይሰማ አላሰበም። ካማው ከግቢው ትንሽ ራቅ ሲል ቃጭሉ ውስጥ ሣር ይጎስርና እሱም ያርፋል፣ ፈረሱንም ያሳርፋል። ባዝራዋ ያለችበት እርሻ በር ላይ ሲደርስ ሣሩን ያወጣዋል። እያንቃጨሉ ይገባሉ፣ ሥራቸውን ይሠራሉ፣ ሲወጡ መልሶ ይጎስረዋል። በዚህ ዓይነት ጥቂት ከቆዩ በኋላ ነገሩ ለድንጉላው ገባው። ቃጭሉ ዝም ያለ እንደሆነ ከካማው ኋላ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል፤ ባዝራ አጠገቡ ብታልፍ እንኳ ቀና አይልም። ቃጭሉ ከጮኸ ግን ሌላ ፈረስ ይሆናል።

«እኔን ሊጠብቅበት ያሰረውን እኔ ከፈረሱ ጋር መነጋገሪያ አደረግሁት» ይለኝ ነበር ምዜ ካማው፣ የቀሩትን ጥርሶቹን እያሳየ። ነጩ ጌታው ሄደ፣ አገሩም ነጻ ወጣ፤ ቃጭሉ ግን ለተከታዮቹ ድንጉላዎችም ቀረ፤ ከሥራ ውጭ ሣሩን እንደጎረሰ ጋጣው በር ላይ ይንጠለጠላል።

ሌሎች ልማዶችም ነበሩት። ሽታ ባለው ሳሙና አይታጠብም። ሁልጊዜ መጀመሪያ ሰላም የሚለው ባዝራዋን ነው። «የዚህ ሥራ ጌታ እሷ ናት፤ ድንጉላው እንግዳ ነው፣ አንተ ደግሞ የእንግዳው ተላላኪ ነህ» ይላል። ባዝራ ያልፈቀደች እንደሆነ ድንጉላውን በአጥር ማዶ ስታየው ጆሮዋን ወደ ኋላ ታጣብቃለች፣ ትጮሃለች፣ ትራገጣለች። የፈቀደች ጭራዋን ወደ ጎን ትላለች፣ ቀጥ ብላም ትቆማለች። የባዝራዋ ባለቤት ቸኩሎ «አሁን አቅርብ» ቢለው እንኳ ምዜ ካማው «አልፈቀደችም» ይልና ድንጋዩ ላይ ቁጭ ይላል። ፈረሶቹ ሲገናኙ ደግሞ ወደ መሬት ነው የሚያየው። በዙሪያው ያለውንም ሰው ሁሉ ፊቱን ያስዞረዋል። እኔ እንደ እኛው ሰው ጨዋነት ይዞት መስሎኝ ነበር። እሱ ግን «የተፈጠጠበት ፈረስ ልቡ ይከፈላል፤ አንተ በጆሮህ ሥራ፣ ቃጭሉን ስማ» አለኝ። እውነትም በድምፁ ብቻ ፈረሱ የት እንደደረሰ፣ መቼ እንደተነሣ፣ መቼ እንደወረደ ያውቅ ነበር።

አንድ ቀን የእርሻው ባለቤት እንግዳ ሲዞር ቃጭሉን አየና ለጨዋታ ሣሩን አውጥቶ አንቃጨለው። ድንጉላው ከጋጣው ውስጥ አሽካካ። ምዜ ካማው ገመዱን አነሣና ፈረሱን አወጣ፤ ወደ መስኩም ወስዶ የፈቀደች ባዝራ ፈልጎ አቀረበለት። በዕቅድ የተያዘ ሥራ አልነበረም። ሲመለስ ባለቤቱ ተቆጣው። «ቃጭሉ ተናገረ፤ ምን ላድርግ?» አለው። «ይሄን ፈረስ ዛሬ ብዋሸው ነገ አያምነኝም።» እኔ ያን ጊዜ የሽማግሌ ግትርነት ነው ብዬ አልፌው ነበር።

ከዓመታት በኋላ ኖርዌይ ስገባ መጀመሪያ ከተጠየቅሁት አንዱ ሙያዬ ነው። አስተርጓሚዋ ማተብ ያሰረች፣ ጭምት ያገራችን ልጅ ነበረች። «ድንጉላ አቀርባለሁ፤ ባዝራ አስጠቃለሁ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ጎንበስ አለች።

«ጋሼ፣ እሱን ብንዘለውስ?» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ምኑን እንዘለዋለን? ሙያዬ እኮ ነው።»

ወደሚመዘግበኝ ሰውዬ ዞራ አንድ ነገር ተናገረች። ሰውዬው በጣም ደስ ብሎት ፈገግ አለልኝ። «እንስሳት ይወዳል» ብላው እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ፣ ቋንቋውን ከለመድኩ በኋላ ነው፤ ሙያዬን በአማርኛ ሰው ፊት መጥራት ያቆምኩት ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ነው። እንስሳት የሚወደው ሰውም ፉሩሴት ሰፈር አንድ ትምህርት ቤት ጽዳት ላይ ተቀጠረ። ጽዳትን አልንቅም፤ ትዳር የመሠረትኩበት፣ ልጅ ያሳደግሁበት ሥራ ነው። ነገር ግን ወለሉን ስወለውል እጄ ሌላ ነገር እንደሚያውቅ ይሰማኝ ነበር፤ ያ እውቀት ሳይሠራበት ከእኔ ጋር ይቀበራል እያልኩ በጣም አዝን ነበር።

ያወጣችኝ ልጄ ሐና ናት። ትምህርት ቤቷ ተማሪዎቹን ለአንድ ሳምንት ሥራ ሲያለማምድ እሷ ከግሮሩድ በላይ ያለው የፈረስ ግቢ ደረሳት። አንድ ቀን ከዚያ ስትመለስ ቦት ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ማድ ቤት ገባች።

«ፓፓ፣ ሂንግስቶቹን የሚይዘው ሰውዬ ወገቡን ታሞ አቆመ። ሸፈን ሰው እየፈለገች ነው። አንተ ኬንያ የሠራኸው እሱን አይደል?»

ሂንግስት በኖርዌይኛ ድንጉላ ነው፣ ሸፈን አለቃዋ፣ ያ ደግሞ አዎ። ዘነበች ማማሰያውን እንደያዘች ዞረች። «ለዚህች ልጅ ይሄን የነገራት ማነው?»

«ያ ማለትህ ነው ፓፓ? እደውልላት?» አለች ሐና።

«ያ» አልኩ።

አለቃዋ ሲግሪድ የምትባል፣ ግቢውን ከአባቷ የወረሰች፣ ክረምት ከበጋ የጎማ ቦት የማትለየው ረጅም ሴት ናት። ሰላምታዋንም በቅጡ ሳትጨርስ «ድንጉላ ወደ ባዝራ አቅርበህ ታውቃለህ?» አለችኝ። እዚህ አገር ዓይኑን ሳይሰብር ይህን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት።

«ያ።»

«ተነክሰህ ታውቃለህ?»

«ናይ፤ አንድም ቀን።»

«ወይ ውሸታም ነህ ወይ ጎበዝ። ሰኞ ጀምር።»

ደሞዙ ከጽዳቱ ብዙም አይሻልም ነበር፤ ለእኔ ግን ሹመት ነው። ዘነበች ግን ልብሴን ሕንፃው ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ቀይሬ ካልሆነ አላስገባም አለች። ሰው ከጠየቀ ደግሞ አትክልተኛ ነህ አለችኝ። እኔም ለሰላም ስል እሺ አልኩ።

ፋልክ የመጣው በዚያው ዓመት ነው። ዳማ፣ አንገቱ የሚያምር፣ ውጭ አገር ስሙ የተጠራ ድንጉላ ነበር። ፊት እግሩ ላይ ጅማቱ ተበጥሶ ስለነበር ከእንግዲህ ለሩጫም ለግልቢያም አይሆንም፤ ሲግሪድና ጥቂት ገበሬዎች አዋጥተው የገዙት ለዘር ብቻ ነው። የአካባቢው ሰው ባዝራውን ወደ ሩቅ አገር መውሰድ ይቀርለታል ተብሎ ብዙ ተወራለት።

ፀደይ መጣ፤ ባዝራዎቹም መጡ። ፋልክ ግን ሐውልት ሆነ። ባዝራዋ ፈቅዳ፣ ጭራዋን አዙራ ቆማ እያለች እሱ ግድግዳ ያያል። ቀረብ ሳደርገው አንገቱን ይደፋል፣ ላብ ያሰምጠዋል። ምክንያቱን ቆይተን አወቅን። እሽቅድምድም ላይ ሳለ ባዝራ አይቶ ባሽካካ ቁጥር አፍንጫው ላይ በሰንሰለት ይቀጡት ነበር። ባዝራ ማየት ለእሱ መመታት ነው። እኔ የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ፤ ሲግሪድም የምታውቀውን፤ ሐኪሙም ደጋግሞ እየመጣ መረመረው። ምንም አልሆነም። ባዝራዎቹ እንደመጡ ባዶ ተመለሱ።

ከሁሉም የኡድ ባዝራ አንጀቴን በላችው። ኡድ ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ገበሬ ነው። ያለችው አንዲት ባዝራ ናት፤ ባለቤቱ በእጇ ያሳደገቻት። ዕድሜዋ ገፍቶ ስለነበር ያ ፀደይ የመጨረሻዋ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ከእሷ አንዲት ውርንጭላ ለማየት ነበር ምኞቱ። እየደጋገመ አመጣት፤ ፋልክ እየደጋገመ ግድግዳውን አየ። በመጨረሻው ቀን ኡድ አልተቆጣኝም። «አንተ የምትችለውን አድርገሃል» አለኝና ገመዷን ተቀበለኝ። ባዝራዋ ተከትላው መኪናው ላይ ወጣች፤ በዚያው መኸር ሞተች። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ራት አልበላሁም። ዘነበች «አትክልቱ ደረቀ እንዴ?» ብላ ልታስቀኝ ሞከረች፤ ፊቴን ስታየው ተወችኝ።

ባለድርሻዎቹ ተሰብስበው ወሰኑ። ለማይጋለብ፣ ለማይወልድ ፈረስ ሌላ ክረምት መቀለብ አይቻልም፤ በጥይት ይገላገል ተባለ። ሲግሪድ ተከራከረች። በብዙ ልመና የሚቀጥለውን ፀደይ ሰጡት። በዚያ ፀደይ አንዲት ባዝራ ካላስረገዘ ያበቃለታል። የእኔም ነገር ያው ነበር። ማንም አፍ አውጥቶ አላለኝም እንጂ፣ ፋልክ ከሞተ የእኔ ሙያ እዚህ አገር «እንስሳት ይወዳል» ሆኖ እንደሚቀር አውቄዋለሁ።

መልሱ የመጣልኝ ቅዳሴ ላይ ነው፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ልቤ ቅዳሴው ላይ አልነበረም። አጠገቤ አንድ አዛውንት በመቋሚያቸው ተደግፈው ያንቀላፋሉ። የቃጭሉ ድምፅ ከመቅደስ ተሰማ። አዛውንቱ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ቀጥ ብለው ቆሙ። የተቀመጡት ሴቶች በአንዴ ተነሡ። እኔም ተነሥቼ ነበር፤ መነሣቴን ያወቅሁት ከቆምኩ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ምዜ ካማው ፊቴ ድቅን አለብኝ። የእሱ ቃጭል የሽማግሌ አመል አልነበረም። ፋልክ ባዝራ እንዳያይ ተቀጥቶ ተምሯል፤ አሁን ግን እንደተፈቀደለት የነገረው የለም። በምን ቋንቋ ይነገረው?

በሚቀጥለው ቅዳሜ ግሮሩድ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ገበያ አንዲት ቃጭል ገዛሁ። ለሲግሪድ ሳሳያት ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየቻት።

«ይሄ እኮ የፍየል ነው።»

«ያ።»

«የኔን ድንጉላ ፍየል ልታደርገው ነው?»

የምዜ ካማውን ታሪክ ከሥሩ ነገርኳት። ሣር ሲጎስር፣ ጥላ ሥር ሲያርፍ፣ ሁሉንም። ሲግሪድ ሳቀችና «ምን እናጣለን፤ ክረምቱ ያንተ ነው» አለችኝ።

ፋልክ ከዚያ በፊት የነካውን ዕቃ ሁሉ አስወገድኩ። ሰንሰለት ያየ ልጓም፣ ያላበበት ክፍል፣ የገባበት በር፤ ምኑም አልቀረም። ቃጭሉን ድርቆሽ ጎስሬ አዲስ ልጓም ላይ አስሬ በር ላይ ሰቀልኩት። በረዶው ላይ ለእርምጃ ሳወጣው ተራ የገመድ ማሰሪያ አደርግለታለሁ፤ ቃጭል የለም፣ ጨዋ ሆኖ ይሄዳል። ከዚያ አዲሱን ልጓም አግብቼ ድርቆሹን አወጣና እያንቃጨልን አንዲት ባዝራ ከአጥር ማዶ ወደቆመችበት እንሄዳለን። አይቆጣውም ማንም። ጆሮውን ካቆመ አጃ ይበላል። አንገቱን ካነሣ ካሮት አለ። አንገቱን የደፋ እንደሆነ ዝም ብዬ መሬት መሬት እያየሁ እቆማለሁ። ብርዱ ጣቴን ሲቆርጠኝ «ምዜ፣ የት ጣልከኝ» እያልኩ አማርራለሁ። ብዙ ጊዜ ባዶ እጃችንን ተመለስን። አንድ ጠዋት ድርቆሹን ሳወጣ፣ ገና ከጋጣው ሳንወጣ፣ ፋልክ አሽካካ። መጀመሪያ የፈራች፣ የተሰበረች ድምፅ ነበረች። ወዲያው ራሱ ደንግጦ አንገቱን ደፋ፤ ሰንሰለቱን ሲጠብቅ ነው። ያለኝን ካሮት ሁሉ ሰጠሁት። እንባዬ መጣ፣ ብርዱ ነው ብዬ አላመካኝም። ሲግሪድ ከቤቷ መስኮት ከፍታ «እሱ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«እሱ ነው!» አልኳት።

ፀደይ ሲገባ ባለድርሻዎቹ ሊያዩ መጡ። ሲግሪድ ፈረሶቹ በሚገናኙበት አዳራሽ ውስጥ የራስ ቁር አድርጋ የራሷን ባዝራ ያዘች፤ እኔም ቁሬን አድርጌ በሩ ላይ ቆምኩና «ሁላችሁም ውጭ ትቆያላችሁ፤ በመስኮትም እንዳታዩ፣ ፊታችሁን ወደ ጫካው አዙሩ» አልኳቸው። ገንዘባቸውን ያፈሰሱበትን ነገር አትዩ ሲባሉ አጉረመረሙ። ኡድም መጥቶ ነበር። ባዝራ የለውም፤ ለምን እንደመጣ አልጠየቅሁትም። መጀመሪያ ፊቱን ያዞረው እሱ ነው፤ ሌሎቹም እሱን አይተው ዞሩ።

ድርቆሹን አወጣሁ። ፋልክ እያሽካካ ገባ። መሬት መሬት እያየሁ በጆሮዬ ተከተልኩት። ቃጭሉ ፈጠን አለ፣ ቆመ፣ ወደ ላይ ተነሣ፣ እንደገና ፈጠነ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ። ቀና ስል ሲግሪድ በባዝራዋ አንገት ላይ ግንባሯን አስደግፋ ትስቃለች። ከውጭ ኡድ «ሰማሁ» ሲል ተሰማኝ። ሌላው ሰው ገና እየተጠያየቀ ነበር።

ባዝራዋ አረገዘች። ከእሷ ኋላም ሌሎች። በቀጣዩ ዓመት የተወለደችውን የመጀመሪያ ውርንጭላ ሲግሪድ ለኡድ ሰጠችው፤ ኡድ በሚስቱ ስም ጠራት። ዓመት በዓመት ባዝራው ከየአቅጣጫው ይመጣ ጀመር፤ ከስዊድን ድንበር ሳይቀር። የፋልክ ልጆች ሲሮጡ ጋዜጣ ላይ ስሙ ይወጣል፤ እኔ ጋዜጣውን ቆርጬ ቦርሳዬ ውስጥ እይዛለሁ። «የፍየሉ ድንጉላ» እያሉ ያሾፉበት የነበሩት ሰዎች ቀጠሮ ለማግኘት ይለማመጡኝ ጀመር። እኔም እንዲለማመጡኝ ተውኳቸው፤ ይሄንን አልደብቅም። ከዚያ በኋላ የመጡት ድንጉላዎች በሙሉ በቃጭል ተማሩ።

ጡረታዬ ሲደርስ ሲግሪድ «በግቢው ድግስ እናደርጋለን፤ ወገኖችህን ሁሉ ጥራ» አለችኝ። ዘነበች ጭንቅ ያዛት።

«ቀሲስን ምን ልላቸው ነው? አትክልቱን አሳዩኝ ቢሉስ?»

«እውነቱን ንገሪያቸው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ንስሐ አባታችን እኮ ናቸው!»

ሰኔ ነበር፤ ቀኑ ብራ ነው። ቀሲስ መጡ፣ የቤተ ክርስቲያን እናቶች ምግባቸውን ተሸክመው መጡ፣ ሐና ከጓደኞቿ ጋር፣ ኡድ፣ ባለድርሻዎቹ። ግቢው መሐል ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቷል። ቀሲስ ዙሪያውን ቃኙ።

«ወይዘሮ ዘነበች፣ አትክልቱ ከጀርባ በኩል ነው?»

«ያ፣ ከጀርባ ነው አባታችን» አለች ዘነበች ዓይኗን ሳህኑ ላይ ተክላ።

የዚህ አገር ሰው ንግግር ሊያደርግ ሲል ብርጭቆ ይመታል። ሲግሪድ ግን ስጦታ አዘጋጅታልኝ ነበር። ቃጭሌን ሳላውቅ ወስዳ አስወልውላታለች፤ ወርቅ መስላለች። ለመወልወል ደግሞ ድርቆሹ ወጥቷል። ሲግሪድ ብድግ ብላ ንግግሯን ልትጀምር ቃጭሏን ከፍ አድርጋ አንቃጨለቻት።

የቤተ ክርስቲያን እናቶች በአንድነት ተነሥተው ቆሙ። ቀሲስም ተነሡ። ሲግሪድ ለእሷ ክብር የተነሡ መስሏት ደነገጠች። በዚያው ቅጽበት ፋልክ ከጋጣው አሽካካ፤ በሩንም በእግሩ ደበደበው። የግቢው ድንጉላ ሁሉ ተቀበለው።

«በስመ አብ! ምንድነው እሱ?» አሉ ቀሲስ።

ሐና «አባ፣ ሂንግስቱ…» ብላ ጀመረችና አማርኛው ጠፋት። እኔም ተነሥቼ አፌን ከፈትኩ፤ ያቺ ዓረፍተ ነገር እንደ ልማዷ ከከንፈሬ ተመለሰች። ሁሉም እኔን ያየኛል። ጋጣው እየተደበደበ ነው። ያን ጊዜ ዘነበች ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች።

«አባታችን፣ ባለቤቴ አትክልተኛ አይደለም። ዋሽቼዎታለሁ። ድንጉላ አቅራቢ ነው። ገበሬዎቹ ባዝራቸውን ያመጣሉ፣ እሱ ድንጉላውን ያቀርብላቸዋል። ያ የሚጮኸው ሊገደል የነበረ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ በረዶ ላይ ቆሞ ያዳነው እሱ ነው። ይሄ ቃጭል ከተመታ ባዝራ ተዘጋጅታለች ማለት ነው።»

ይህን ሁሉ እንደምታውቅ አላውቅም ነበር። ማታ ማታ እኔ ለሐና ስተርክ፣ እሷ ምግብ ስታቀርብ፣ ጀርባዋን ሰጥታን ሳህን ስታጥብ፣ ሁሉንም ስትሰማ ኖራለች።

ቀሲስ ጢማቸውን ደባበሱ። «አባቴ ወሎ ድንጉላ ነበረው» አሉ በመጨረሻ። «ከሌላ አገር ሳይቀር ባዝራ ይመጣለት ነበር። ይሄ ትልቅ ሙያ ነው፤ ለምን ደበቃችሁን?» ከዚያ ወደ ጋጣው አመለከቱ። «ታዲያ አሁን ይሄ ፈረስ ምን ይደረግለታል? ቃጭሉ ተመትቷል እኮ።»

እኔም እሱኑ ነበር የማስበው። ሲግሪድን «የፈቀደች አለች?» አልኳት።

«የስዊድኗ አለች፤ ለነገ ያልናት። ጠዋት አይቻታለሁ፣ ቆማለች» አለችና ሳቋ መጣ። «ዛሬ እኮ ጡረታህ ነው።»

«ከምግብ በኋላ ነው ጡረታዬ» አልኩ።

ሲግሪድ ባዝራዋን ልታጥባትና ጭራዋን ልትጠቀልል ሮጠች። እኔ ኮቴን አውልቄ ማስቀመጫ ስፈልግ ዘነበች እጇን ዘረጋች። ጋጣ የደረሰ ልብስ ምድር ቤት ታስወልቀኝ የነበረችው ሴት ኮቴን ክንዷ ላይ አደረገችው። ወደ እንግዶቹ ዞረች።

«በሉ ፊታችሁን ወደ ጫካው አዙሩ። እሱ ሲሠራ አይታይም።»

ቀሲስ ዞሩ። እናቶች ነጠላቸውን እየሳቡ ዞሩ። ባለድርሻዎቹ ሳይነገራቸው ያውቁታል፤ ኡድ ከፊት ቆመ። ነጭ ሸሚዜን እንደለበስኩ የራስ ቁሬን ደፍቼ፣ ቃጭሉን ልጓሙ ላይ አስሬ ፋልክን አወጣሁት፤ ሸምግሏል፣ አንገቱ ግን ያው ነው። መሬት መሬት እያየሁ፣ ቃጭሉን እየሰማሁ የመጨረሻዬን ሥራ ሠራሁ። ምዜ ካማው ቢኖር የሚተቸው ነገር የሚያገኝ አይመስለኝም።

ስወጣ ሁሉም ገና ጫካውን ያያል። ድርቆሽ ከመሬት አንሥቼ ቃጭሉን ጎሰርኩት። ድምፁ ሲጠፋ መጀመሪያ የዞረችው ዘነበች ናት።

«ጨርሷል» አለቻቸው። ከዚያ ኮቴን ወደ እኔ ዘርግታ፣ «እጅህን ታጠብና ና፤ ምግቡ ቀዝቅዟል።»